ጢማሙ አሞራ በእናንተ አገር ማን ይባላል?

ሳምንታዊ የአድማጮች ዝግጅት

[መግቢያ፦ ዋሽንት ብቻውን፣ 15 ሰከንድ ያህል ጎልቶ ይሰማል። ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል።]

አቅራቢ፦ ከብት እየጠበቃችሁ ሬዲዮ በትከሻችሁ ያንጠለጠላችሁ፣ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጣችሁ፣ መኪና የምትነዱ፣ ቡና እያፈላችሁ ጆሯችሁን የሰጣችሁን ሁሉ፣

ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ወደ ሰማይ ቀና ብላችሁ አሞራ ያያችሁት መቼ ነው? «ዛሬ ጠዋት» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው። ታዲያ ያ አሞራ የትኛው አሞራ ነበር?

[አምስት ሰከንድ ዝምታ።]

እዚህ ላይ እንያዛለን። «አሞራ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል?» እንላለን። ግን እስቲ አስቡት። በግ ስናይ «እንስሳ ነው» ብለን እናልፋለን? ሙክት ነው፣ ጠቦት ነው፣ የፋርጣ ነው፣ የመንዝ ነው ብለን እንለያለን። ጤፍ ስንገዛ ነጩን ከሰርገኛው እንለያለን። ሰማይ ላይ ሲሆን ግን ስም ያጥረናል። ከሰባት ስምንት ዓይነት በላይ የሆነውን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለን «አሞራ» እንለዋለን።

የዛሬው ዝግጅታችን ጉዞ ነው። ወደ ጉና ተራራ እንወጣለን። ከዚያ ሦስት ነገር ይዘን እንመለሳለን። አንደኛ፣ አዳኝና ጥንብ አንሳ አእዋፍን እንዴት ማየት እንደሚቻል። ሁለተኛ፣ አንዱን ከሌላው በምን እንደምንለየው። ሦስተኛ፣ እነሱ ቢጠፉ እኛ ምን እንደምንሆን። ሦስቱን ያዙልኝ። እንዴት እንያቸው? በምን እንለያቸው? ቢጠፉስ?

[ሙዚቃ ለአፍታ ከፍ ብሎ ይጠፋል። የመኪና ሞተር፣ ቀጥሎ የነፋስ ድምፅ።]

አቅራቢ፦ እንግዲህ መንገድ ጀምረናል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሄደን ወረታ ላይ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። የፎገራ ሜዳ ከነሩዙ ከኋላችን ይቀራል። መንገዱ ሽቅብ ይላል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መስኮት የከፈተው ሰው ይዘጋል። ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ደብረ ታቦር ነን። ከቡሄ በዓል ጋር ስም የምትጋራው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አጠገቧ ጋፋት ላይ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ከተማ ናት።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስንቀጥል ጋሳይንና ክምር ድንጋይን እናገኛለን። በስተቀኛችን ከፍ ብሎ የሚታየው ጉና ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4100 ሜትር በላይ ይደርሳል። ርብና ጉማራ ወንዞች ከዚህ ተነስተው ጣና ይገባሉ። የፎገራ ገበሬ ሩዝ የሚያጠጣው ውኃ የዚህ ተራራ ደመናና ውርጭ የወለደው ነው ማለት ነው።

ከግርጌው ገብስና ድንች ይታረሳል። ከፍ ሲሉ አስታ ይመጣል፣ ከዚያ ጓሳ፣ ከዚያ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅብራ። ጉና ቀይ ቀበሮ ይኖርባቸው ከነበሩት ጥቂት ተራሮች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ከተማዋን «ነፋስ መውጫ» ብሎ የሰየማት ሰው ማን ይሆን? ማንም ይሁን፣ ነፋስን በደንብ ያውቅ ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ግማሹ በዚያ ስም ውስጥ አለ። ወዲያው እንመለስበታለን።

[የነፋስ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከሩቅ የእረኛ ፉጨት።]

አቅራቢ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉና የወጣሁ ዕለት የሆንኩትን ልንገራችሁ። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባይኖኩላር በአንገቴ አንጠልጥያለሁ። ከሸንተረሩ ወዲያ አንድ ትልቅ አሞራ ብቅ ሲል ወደዚያ እሮጣለሁ። ስደርስ የለም። ሌላው ከወዲህ ብቅ ይላል፤ ወደ ኋላ እሮጣለሁ። እሱም የለም። በዚያ ከፍታ ላይ ሩጫ ምን እንደሚያደርግ የሞከረ ያውቀዋል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ይሰማኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ።

አንድ እረኛ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሲመለከተኝ ቆይቷል።

«ጋሼ፣ ምን ያስሮጥዎታል?» አለኝ።

«አሞራውን በቅርብ ላየው ብዬ ነው።»

ሳቀ። «ታሞራ ጋር ሩጫ? እዚህ ጋ ቁጭ ይበሉ። ነፋሱ ሲነሳ ራሱ ይመጣል።»

ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት አልሞላም። ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከበታቻችን አንድ ክንፍ አለፈ። ከበታቻችን ነው የምላችሁ! ዕድሜዬን ሙሉ የአሞራ ሆድ ሳይ ኖሬ ያን ዕለት ጀርባውን አየሁት። ክንፉን አንዴም አላራገበም። በላባዎቹ መካከል ነፋሱ ሲያልፍ ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብሎ አየን። ዓይኑ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት አለው፣ ከመንቁሩ ሥር ደግሞ ጥቁር ጢም ተንጠልጥሏል። ጢም ያለው አሞራ!

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ከእረኛው የተገኘ ነው። አሞራን አትከተሉት። ቁጭ በሉ፣ ነፋሱ ሲነሳ ራሱ ይመጣል።

[ዋሽንት፣ አምስት ሰከንድ።]

አቅራቢ፦ ለምን ግን ነፋስ? ኑ፣ ወጥ ቤት እንግባ። ምጣድ ተጥዷል፣ ሊጡ ፈሷል። አክምባሎውን ስታነሱት እንፋሎቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ! የጋለ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ተራራም እንዲሁ ነው። ጠዋት ፀሐይ የገደሉን ፊት ስትመታው ድንጋዩ እንደ ምጣድ ይግላል። ከድንጋዩ ጋር የተጠጋው አየር አብሮት ይሞቅና ወደ ላይ ይነሳል። ከቆላ የሚመጣው ነፋስም ገደሉን ሲገጭ መሄጃ አጥቶ ሽቅብ ይወጣል።

ትልቁ ጥንብ አንሳ ሰባት ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ያን ሁሉ ክብደት ቀኑን ሙሉ ክንፉን እያራገበ ቢሸከም የሚበላው ምግብ ለድካሙ አይበቃውም ነበር። ስለዚህ ክንፉን ዘርግቶ በሚወጣው አየር ላይ ይቀመጣል፣ አየሩ ወደ ላይ ይወስደዋል። እየዞረ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሸንተረር ይንሸራተታል። ነዳጁ ነፋስ ነው።

ታዲያ በስንት ሰዓት እንጠብቀው? ውርጩ ሳይለቅ፣ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጥንብ አንሳዎች ገደሉ ላይ ኩምትር ብለው ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ ሰማዩ የእነሱ ነው። ጢማሙ ግን ቀደም ይላል። ገደሉን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ስለሚበር ትንሽ ነፋስም ትበቃዋለች።

አሁን ገባን አይደል? ነፋስ መውጫ የሚባል አገር የአሞራ አገር ቢሆን አይገርምም።

[አጭር ሙዚቃ።]

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ጥያቄያችን በምን እንለያቸው የሚል ነበር። ብዙ ሰው ቀለም ያያል። ቀለም ግን በሩቅ ያታልላል፤ ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ሁሉም ጥቁር ነው። እኔ የምመክራችሁ አንድ ቃል ብቻ ነው። ጅራት። ጅራቱን እዩ!

በምናውቀው እንጀምር። ሥጋ ቤት አካባቢ የሚያንዣብብ፣ ጫጩት የሚነጥቅ፣ አንዳንዴም ከልጅ እጅ ላይ ቁራሽ የሚመነትፍ አለ። ጭላት ነው። ጅራቱ እንደ ሹካ መሐሉ ገባ ያለ ነው። ሲታጠፍ ጅራቱን እንደ መሪ ሲያዞረው ታያላችሁ። ሹካ ጅራት ካያችሁ ጭላት በሉ።

ሁለተኛው፣ መንገድ ዳር የስልክ እንጨት ላይ የሚቀመጠው ነው። ከላይ ጥቁር፣ ደረቱ ብዙ ጊዜ ነጭ፣ ጅራቱ አጭርና አዲስ ሸክላ የመሰለ ቀይ። ቀይ ጅራቱ እንበለው። ገበሬ ወዳጆቼ፣ ይህን ወፍ በድንጋይ የሚያባርር ልጅ ካያችሁ ተቆጡት። ቀይ ጅራቱ የሚበላው በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ገብሳችሁንና ድንቻችሁን ያለ ደመወዝ የሚጠብቅላችሁ ዘበኛ እሱ ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ጥንብ አንሳ ነው፣ ብዙ ሰው ጆፌ አሞራ የሚለው። ክንፉ ሰፊ ነው፣ ጫፉ እንደ ተዘረጋ ጣት ይበታተናል። ጅራቱ ግን አጭር ነው፣ ከሩቅ የሌለው ይመስላል። አንገቱ ረጅም፣ ላባ የሌለው። ከዚህ ወገን አንዱ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው በአንድ ጀርመናዊ ስም ነው። ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርና ስሜን ድረስ መጥቶ አእዋፍን ያጠና ተጓዥ ነበር። ይኸው የእኛ አሞራ የፍራንክፈርት ሰው ስም ተሸክሞ ይበራል።

የሩፔል ጥንብ አንሳ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ታውቃላችሁ? በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አይቮሪኮስት ውስጥ አቢጃን ከተማ ላይ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከአንድ አሞራ ጋር ተጋጨ። አሞራው ይኸው ነበር። ከፍታው 11300 ሜትር ገደማ። ጉናን በጉና ላይ ብትደራርቡና ሦስተኛ ልትጨምሩ ብትሞክሩ እዚያ አካባቢ ትደርሳላችሁ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት የአእዋፍ በረራዎች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው።

አራተኛው የእኛው ጢማም ነው። ክንፉ እንደ ጆፌው ሰፊ አይደለም፤ ረጅምና ጫፉ ሾል ያለ ነው። ጅራቱ ረጅም ነው፣ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ ይሾላል፣ ልክ እንደ ጦር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 2 ሜትር ከ80 ይደርሳል። ረጅም ሰው ሁለት እጁን ቢዘረጋ እንኳ አይደርስበትም።

ንስርስ? የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ንስር በጥፍሩ የሚገድል ነው። እግሩ ጠንካራ፣ ጥፍሩ ቆልማማ፣ ራሱና አንገቱ በላባ የተሸፈነ። የጆፌው እግር ግን ለመራመድና ለመቆም እንጂ ለመጨበጥ አልተሠራም። በክረምታቸው ወራት ከሩቅ ሰሜን ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች ወደ እኛ የሚመጡ ንስሮች አሉ። በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጅቡቲ ላይ ሆነው የባብ ኤል መንደብን ባሕር የሚሻገሩትን የቆጠሩ ሰዎች በአንድ የበልግ ወቅታቸው ብቻ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አእዋፍ አይተዋል። የእኛ ሰማይ የሰፊ ዓለም መንገድ ነው።

እንድገመው። ሹካ ጅራት፣ ጭላት። ቀይ አጭር ጅራት፣ የአይጥ ዘበኛው። ጅራት የሌለው የሚመስል፣ ጆፌው። የጦር ጅራት፣ ጢማሙ። ልጆች፣ ያዛችሁ?

[ልጆች በኅብረት «ያዝን!» ሲሉ የተቀዳ ድምፅ። ዋሽንት።]

አቅራቢ፦ ጢማሙን ጠጋ ብለን እንየው። ምን ይበላል? አጥንት! አዎ፣ አጥንት። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ለቅሪቱ ይመጣል። ትንሹን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል። የሆዱ አሲድ በጣም ጠንካራ ስለሆነ አጥንቱን ያሟሟዋል። ትልቁንስ? እስቲ ገምቱ።

[የነፋስ ድምፅ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ አጥንት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ «ቋ» የሚል ድምፅ።]

ሰማችሁ? ትልቁን አጥንት በእግሩ ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣል። ገላጣ ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይለቀዋል። አጥንቱ ወርዶ ሲያርፍ ጸጥ ባለው ተራራ ላይ ድምፁ የቡሄ ጅራፍ ይመስላል። እሱም እየተሽከረከረ ይወርድና ስብርባሪውን ይለቅማል። ካልተሰበረ እንደገና ያነሳዋል፣ እንደገና ይጥለዋል። አንድ ድንጋይ ከመረጠ ለዓመታት ይመላለስበታል። ጉና ላይ ስትሄዱ የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበት ድንጋይ ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። የሱ ወፍጮ ቤት ነው።

ሙያው ደግሞ በአንድ ቀን አይለመድም። ጫጩቱ አድጎ ከጎጆው ከወጣ በኋላም በትክክል ማነጣጠር እስኪችል ዓመታት ይፈጅበታል።

ሌላም ጉድ አለው። ደረቱ ወርቃማ ቀይ ነው አይደል? ያ ቀለም የራሱ አይደለም። የደረቱ ላባ ነጭ ነው። የብረት ማዕድን ያለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ፈልጎ ይታጠብበታል፣ ይቀባዋል። በአጭሩ፣ ኩል የሚኳል አሞራ ነው!

[ሳቅ ያለበት አጭር የማሲንቆ ዜማ።]

አቅራቢ፦ ይህን አሞራ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት አገራችን መጥቶ ነበር። በ1790 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የጻፈውን በራሴ አባባል ላውጋችሁ።

ብሩስና አገልጋዮቹ ከሊማሊሞ አናት ላይ ናቸው። ሜዳ ላይ ተቀምጠው የፍየል ሥጋ እየቀቀሉ ነው። አንድ ግዙፍ ወፍ ቀስ ብሎ እየበረረ መጣና አጠገባቸው አረፈ። ሰዎቹ ጮኹ፣ ጦርና ጋሻ ፍለጋ ሮጡ። ወፉ ምን አለ? እግሩን የሚፈላው ድስት ውስጥ ከተተ! ሲያቃጥለው ትቶ፣ ገበታው ላይ ከቀረበው ሥጋ ሁለት ብልት አንስቶ ሄደ። እንደገና ሲመለስ ብሩስ በጠመንጃ ገደለው። ሬሳውን ሲያነሳ እጁ በቢጫ ዱቄት ተሸፈነ። ተገረመ። እኛ ግን ስለዚያ ቀይ አፈር ካወቅን ወዲህ ዱቄቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብደንም።

አሁን ወደ ስሙ ልውሰዳችሁ። ብሩስ ይህን አሞራ በመጽሐፉ ምን ብሎ መዘገበው መሰላችሁ? «ንስር ወርቅ» ብሎ። ተራው ሰው ደግሞ «የጢም አባት» እንደ ማለት በሚሆን ስም እንደሚጠራው ጨምሯል። እንግዲህ አስቡት። ዛሬ «ንስር» ብንባል ደስ ይለናል። «ጥንብ አንሳ» ቢሉን እንጣላለን። ያኔ ግን ይህ አጥንት ለቃሚ በንስር ስም ይጠራ ነበር።

ስም ቀላል ነገር ይመስላል? እንግዲያው የአልፕስ ተራሮችን ታሪክ ስሙ። አልፕስ ስዊዘርላንድን፣ ኦስትሪያን፣ ጣሊያንንና ፈረንሳይን የሚያዋስን ተራራ ነው። እዚያም ይኸው ጢማም ነበር። ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ያወጡለት ስም «የበግ ግልገል አሞራ» ማለት ነው። ግልገል ይወስዳል ብለው ስላመኑ ነው። እሱ ግን የሞተ በግ አጥንት እንጂ የቆመ ግልገል ሥራው አልነበረም። በስሙ ምክንያት ተጠላ፣ በጥይትና በመርዝ ታደነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአልፕስ ጨርሶ ጠፋ።

ኋላ ቆጫቸው። በአጥር ውስጥ አራብተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ጫጩቶችን ገደል ላይ እያኖሩ መመለስ ጀመሩ። ለዓመታት ተደክሞበት፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ዛሬ እንደገና ይበራል። እኛ ግን ጢማሙን ያለ አንዲት ሳንቲም ገደላችን ላይ ይዘነው እንገኛለን።

[ዋሽንት፣ ስምንት ሰከንድ።]

አቅራቢ፦ ሦስተኛው ጥያቄ። ቢጠፉስ?

አገር ቤት አንድ ሰው ሲሞት ወሬው እንዴት ነው የሚደርሰው? ጎረቤት ይሰማል፣ የጎረቤት ጎረቤት ይሰማል፣ ከዚያ ሰው ይጎርፋል። ጥንብ አንሳዎችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ ሰማይ ላይ የራሱን ቦታ ይዞ ይዞራል። መሬቱን ያያል፣ ጎረቤቱንም ያያል። አንዱ ወደ ታች ሲወርድ ጎረቤቱ ይከተላል፣ ያንን ያየ ሌላው ይከተላል። በማሽተት አይደለም፣ በዓይን ነው።

በድኑ ላይም ተራ አለ። መንቁረ ጠንካራው ቆዳውን ይቀድዳል። ረጅም አንገቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ትንንሾቹ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ጢማሙ በመጨረሻ አጥንቱን ይረከባል። እንደ ድግስ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ፣ ልጁ ተከትሎ፣ መጨረሻ ላይ ማዕዱ ይጠረጋል።

ጠራጊ ከሌለስ? ሕንድ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። እዚያ ለታመሙ ከብቶች ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይሰጡ ነበር። መድኃኒቱ ከብቱን አይጎዳም። የታከመው ከብት ሞቶ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ግን ኩላሊቱ ይበላሽና ይሞታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዋናዎቹ ዝርያዎች ከመቶው ከ95 በላይ አለቁ። መቶ ዘመድ የነበረው ሰው አምስት እንኳ ሳይሞላ ሲቀርለት ማለት ነው። በድን በየሜዳው ቀረ፣ የባዘኑ ውሾች በዙ። የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት አብሮ መጣ። መንግሥታቸው መድኃኒቱን ለከብት መስጠት በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከለከለ፣ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር።

የእኛስ? ከላይ የነገርኳችሁ የሩፔል ጥንብ አንሳ ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል። ትልቁ ጠላቱ መርዝ ነው። ጅብ ወይም የባዘነ ውሻ ለመግደል በድን ላይ መርዝ ይነሰነሳል። ጅቡ ይመጣ አይመጣ አይታወቅም። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠርቶ የሚወርደው አሞራ ግን በሙሉ እዚያው ይቀራል። አንድ በድን አንድ ገደል ሙሉ አሞራ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ አደራ፣ በድን ላይ መርዝ አታድርጉ። እደግመዋለሁ፣ በድን ላይ መርዝ አታድርጉ።

[አጭር ሙዚቃ።]

አቅራቢ፦ አሁን «እሺ፣ ልሂድ» ላላችሁ ጥቂት የመንገድ ምክር።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል። ክረምት ግን ጭጋግና በረዶ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ሰላም ከሥፍራው ሰው ጠይቁ። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል። ሽቅብ ስትሄዱ ቀስ በሉ፣ ውኃ ጠጡ። ራስ ምታት ከበረታና ማቅለሽለሽ ካለ አትጋፉ፣ ወደ ታች ውረዱ። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት አትርሱ፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ጥላው ያንቀጠቅጣል።

የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ድካሙንም ክፈሉት። ገደል አፋፍ ላይ ብቻችሁን አትቁሙ። ጎጆ ካያችሁ አትጠጉ። ጢማሙ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላል፣ ብዙ ጊዜ የሚያድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። እናቱን ደንግጣ እንድትነሳ ካደረጋችኋት የዓመቱን ልፋት አበላሻችሁ ማለት ነው።

ባይኖኩላር የለኝም የምትሉ አትጨነቁ። ጅራቱን ለማየት ዓይን ይበቃል። ጉና ድረስ መሄድ ያልቻላችሁም በሰፈራችሁ ጀምሩ። ቄራ አለ፣ ቆሻሻ መጣያ አለ፣ የስልክ እንጨት አለ።

እንግዲህ እንሰብስበው። እንዴት እንያቸው? ቁጭ ብለን፣ ነፋሱን ጠብቀን። በምን እንለያቸው? በጅራታቸው። ቢጠፉስ? ሜዳችን ጠራጊ ያጣል፣ ጤናችንም ይታወካል።

ከመሰነባበታችን በፊት የሳምንቱ የቤት ሥራ አለኝ። እኔ ዛሬ ስሙን ሳላውቀው «ጢማሙ» ስለው ዋልኩ። ያን እረኛ ልጅ «እናንተ ይህን አሞራ ማን ትሉታላችሁ?» ብዬ ሳልጠይቀው መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ እናንተ ጠይቁልኝ። አያታችሁን፣ እረኛውን፣ ገደል አጠገብ የሚኖረውን ገበሬ ጠይቁ። «አጥንት ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ የሚጥለው፣ ጢም ያለው አሞራ በእናንተ አገር ማን ይባላል?» በሏቸው። መልሱን ከነቀበሌያችሁ ስም ጽፋችሁ ላኩልን።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጡትን ስሞች አንድ በአንድ አነብላችኋለሁ።

እስከዚያው ቀና በሉ።

[መውጫ፦ የነፋስ ድምፅ። ከሩቅ የእረኛ ፉጨት። «ቋ» የሚል የአጥንት ድምፅ አንድ ጊዜ። ዋሽንት ከፍ ብሎ ይጠፋል።]